የእጁን አገኘ፦ በሰው ውድቀት ስለ መደሰትና በዓለም ፍትሕ ስለ ማመን የቀረበ ዳሰሳ

የጥያቄው መነሻ

ባለጸጋ ሲደኸይ፣ ሹም ሲሻር፣ ትዕቢተኛ ሲዋረድ ከሚመለከቱት ሰዎች አንዱ ከልቡ ያዝናል፤ ሌላው ጉዳዬ አይደለም ብሎ ያልፋል፤ ሦስተኛው ግን በአፉ እያዘነ በልቡ ደስ ይለዋል፣ ወይም መሸሸጉንም ትቶ «የእጁን አገኘ» ሲል በግልጥ ይፈርዳል። ይህ ሦስተኛው ሰው የሥነ ልቡና ተመራማሪዎችን አብዝቶ ያከራከራቸው ደስታው ክፉ ስለ ሆነ ብቻ አይደለም፤ ክፉ የማይመስል ምክንያት ይዞ ስለሚቀርብ ነው። ለምን ደስ አለህ ተብሎ ቢጠየቅ ሥቃዩ አስደሰተኝ አይልም፤ ፍርድ ተፈጸመ ይላል እንጂ። ስለዚህ የዚህን ደስታ ምንጭ የሚመረምር ሁሉ፣ ሰዎች ስለ ፍትሕ ያላቸውን እምነት አብሮ መመርመር የግድ ይሆንበታል፤ ሁለቱ ምርምሮች ግን፣ ኋላ እንደምናየው፣ ብዙ ዘመን ተለያይተው ኖረዋል።

ከሁሉ አስቀድሞ ይህን ደስታ ከሚመስሉት ስሜቶች መለየት ይገባል። ከበቀል የሚለየው፣ ተበቃይ ጉዳቱን በገዛ እጁ ሲያደርስ የዚህኛው ባለቤት ግን እጁን አጣጥፎ የሚመለከት በመሆኑ ነው። ከጭካኔም ይለያል፤ ጨካኝ በማንም ሥቃይ ይረካል፣ ይህ ግን ተለይቶ የታወቀ አንድ ሰው ወይም አንድ ወገን ሲወድቅ እንጂ ማንም ሲወድቅ አይደሰትም። ከእፎይታ መለየቱን ደግሞ ሮማዊው ባለ ቅኔ ሉክሬቲዩስ አስቀድሞ አይቶታል፤ ስለ ነገሮች ባሕርይ በጻፈው ድርሰቱ በሁለተኛው ክፍል መግቢያ ላይ፣ በየብስ ቆሞ በማዕበል የሚንገላታውን የሚያይ ሰው የሚያገኘውን ጣዕም ሲያነሣ፣ ጣዕሙ ከባልንጀራው መከራ ሳይሆን ራሱ ከመከራው ውጭ ከመሆኑ የሚመጣ መሆኑን ለይቶ አስታውቋል። በዘመናችን እስራኤላዊው ፈላስፋ አሮን ቤን ዘኤቭ በ2000 (የኋለኛው ዘመን ዓመታት በዚህ ጽሑፍ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ናቸው) ስለ ስሜቶች ባሳተመው መጽሐፍ ለዚህ ደስታ ሦስት ምልክቶችን ሰጥቶታል፤ እነርሱም ተመልካቹ እጁን አለማስገባቱ፣ ጉዳቱ ቀላል መሆኑና ተጎጂው ለጉዳቱ የተገባው ሆኖ መታየቱ ናቸው። ሁለተኛው ምልክት ለእኔ የጸና አይመስለኝም፤ በአደባባይ ስቅላት ዙሪያ ተሰብስቦ እልል ያለ ሕዝብ በየአገሩ ታሪክ ሞልቷልና። ክርክሩ ሁሉ የሚሽከረከረው ግን በሦስተኛው ላይ ነው።

መጻሕፍትና የቀደሙት ሊቃውንት

በቅዱሳት መጻሕፍት ስለዚህ ነገር ከአንድ በላይ ድምፅ ይሰማል። መጽሐፈ ምሳሌ በ24ኛው ምዕራፍ ጠላት በወደቀ ጊዜ መደሰትን ይከለክላል፤ ምክንያት አድርጎ የሚያቀርበው ግን እግዚአብሔር ይህን ደስታ አይቶ እንዳይከፋና መዓቱን ከወደቀው ሰው ላይ እንዳይመልስ የሚለውን ነውና፣ ውድቀቱ ራሱ ፍርድ መሆኑን አልካደም፤ የከለከለው፣ ተመልካቹ ከፈራጁ ጋራ በአንድ ዙፋን እንዳይቀመጥ ነው። ነቢዩ አብድዩ ኤዶምን ከወቀሰባቸው በደሎች አንዱ በይሁዳ የጥፋት ቀን መደሰቱ ነው። በሌላ ወገን በእኛ አቈጣጠር በ57ኛው መዝሙር ጻድቁ በቀልን ባየ ጊዜ ደስ እንደሚለው ተነግሯል፤ ስለዚህ ክልከላውና ፈቃዱ ጎን ለጎን ቆመዋል፣ ተርጓሚዎችም የማስታረቁን ሥራ ወርሰዋል።

ለዛሬው ምርምር ይበልጥ የሚቀርበው ግን መጽሐፈ ኢዮብ ነው። ኤልፋዝ፣ በልዳዶስና ሶፋር በወዳጃቸው መከራ አልተደሰቱም፤ እንዲያውም ልብሳቸውን ቀደው፣ ትቢያ ነስንሰው፣ ሰባት ቀን ከእርሱ ጋራ በመሬት ተቀምጠዋል። ይሁን እንጂ አፋቸውን በከፈቱ ጊዜ ከደዌው ተነሥተው ወደ ኃጢአቱ ሄዱ፤ ፈጣሪ በከንቱ አይቀሥፍም፣ እንግዲህ የተቀሠፈው ሰው ሳይበድል አልቀረም አሉ። በወንጌልም የሰሊሆም ግንብ ስለ ወደቀባቸው 18 ሰዎችና ዕውር ሆኖ ስለ ተወለደው ሰው የተነሡት ጥያቄዎች ከዚሁ አሳብ የወጡ ሲሆኑ፣ የተሰጣቸውም መልስ መከራን የበደል ማስረጃ ማድረግን የሚነቅፍ ነው። ያለ ደስታ የሚፈረድ ይህ የ«ይገባዋል» ፍርድ፣ ከደስታ ጋራ ከሚፈረደው ተለይቶ መያዝ አለበት።

ከግሪክ ፈላስፎች አፍላጦን ፊሌቦስ በተባለው ምልልሱ፣ በቴያትር ተመልካች ሳቅ ውስጥ የምቀኝነት ሕመምና የደስታ ጣዕም ተቀላቅለው እንደሚገኙ አሳይቷል። አርስጣጣሊስ ግን ነገሩን ወደ ሚዛን አወጣው። ለኒቆማኮስ በተባለው የሥነ ምግባር መጽሐፉ በሁለተኛው ክፍል፣ ባልተገባው ሰው ሲሳይ የሚያዝነውን ጻድቅ ቍጡ በመካከል ሲያቆም፣ በማንም ሲሳይ የሚያዝነውን ምቀኛ በአንድ ጫፍ፣ በሰው ክፉ ዕድል የሚደሰተውን በሌላው ጫፍ አኑሯል። ሚዛኑ የተስተካከለ አይደለም፤ አንዱ በሌላው መልካም ነገር ማዘን፣ ሌላው በሌላው ክፉ ነገር መደሰት ሆኖ ሳለ ሁለቱን በአንድ መስመር ላይ መዘርጋት ይከብዳል። በሥነ ንግግር መጽሐፉ ይህን ያቃናው ይመስላል፤ በዚያ ምቀኛውና በሰው ጉዳት የሚደሰተው አንድ ሰው ናቸው ይላል፣ ባንድ ነገር መኖር የሚያዝን በመጥፋቱ መደሰቱ አይቀርምና። ወዲያውም አባቱን የገደለ ወይም ነፍስ ያጠፋ ሰው ቢቀጣ ደግ ሰው እንደማያዝን፣ ይልቁንም ደስ ሊሰኝ እንደሚችል ይጨምራል። እንግዲህ በአርስጣጣሊስ ዘንድ ደስታው ሁለት አባቶች አሉት፤ የዘመናችን ተመራማሪዎች የተከፋፈሉትም ከሁለቱ አባቶች አንዱን ብቻ ሕጋዊ ለማድረግ በመፈለግ ነው።

ከአበው ቅዱስ ባስልዮስ ዘቂሳርያ ስለ ምቀኝነት ባስተማረው ድርሳን የመጀመሪያውን አባት ይመርጣል፤ በእርሱ ዘንድ ምቀኛ ከሕመሙ የሚያርፍበት አንድ መድኀኒት ብቻ አለው፣ እርሱም የተመቀኘው ሰው ሲወድቅ ማየት ነው፤ ከወደቀ በኋላ ደግሞ አዛኝ መስሎ ይቀርባል። በምዕራብ ቤተ ክርስቲያን ከቶማስ ዘአኵዊኖ ሞት በኋላ በታላቁ የነገረ መለኮት መጽሐፉ ላይ በተጨመረው ክፍል ደግሞ፣ ጻድቃን በኃጥኣን ኵነኔ ይደሰታሉን የሚል ጥያቄ ተነሥቶ፣ በኵነኔው በራሱ አይደሰቱም፣ በኵነኔው ውስጥ በሚታየው የመለኮት ፍርድ ሥርዓትና በገዛ ድኅነታቸው ነው እንጂ የሚል መልስ ተሰጥቶታል። ይህ ልዩነት በመጽሐፍ ላይ ሲነበብ ጥርት ያለ ነው፤ በሰው ልብ ውስጥ ግን ማን ይለየዋል?

ከካንት እስከ ኒቼ

ካንት በ1797 ባሳተመው የምግባር ትምህርቱ ይህን ደስታ ከምቀኝነትና ከውለታ ቢስነት ጋራ በአንድ ቤት አስገብቶ የጥላቻ ልጆች ብሏቸዋል። ከዚያ ያለፈው አስተውሎቱ ግን፣ ከዚህ ደስታ ዓይነቶች ሁሉ እጅግ የሚጣፍጠው ፍትሕን የለበሰው የበቀል ምኞት መሆኑን መናገሩ ነው። ሾፐንሀወር ምቀኝነትን ለሰው ድካም ሲተውለት በሰው ጉዳት መደሰትን የዲያብሎስ ጠባይ አድርጎ ቈጠረው። ኒቼ በ1880 ባሳተመው የአጫጭር ሐተታዎች መጽሐፉ በተቃራኒው ነገሩን ዝቅ አድርጎ ተረጐመው፤ ሁሉም ሰው በአንድ ነገር የተጎዳ ስለ ሆነ፣ የሌላው መጎዳት እኩል ያደርገዋልና ቅንዓቱን ያበርድለታል። ከእነዚህ ሁሉ በኋላ ጆን ፖርትማን በ2000 ያቀረበው ሙግት ወደ አርስጣጣሊስ ሁለተኛ አባት የሚመልስ ነው፤ የተገባ ቅጣት ደግ ነው ብሎ የሚያምን ሰው ቅጣቱ ሲደርስ ቢደሰት፣ ከእምነቱ ጋራ የተስማማ እንጂ ክፉ አይደለም ይላል።

ቅንዓት ወይስ ፍትሕ

በሙከራ የተደገፈው ክርክር የተጀመረው በ1996 ሪቻርድ ስሚዝና ባልደረቦቹ በኬንታኪ ዩኒቨርሲቲ ባደረጉት ጥናት ነው ማለት ይቻላል። ተማሪዎች ወደ ሕክምና ትምህርት ቤት ለመግባት የሚመኝ አንድ ወጣት የሚታይበትን ፊልም ተመለከቱ፤ ወጣቱ ለአንዳንዶቹ በሁሉ ነገር የላቀ፣ ለሌሎቹ መካከለኛ ሆኖ ታየ፤ በመጨረሻም ከቤተ ሙከራ መድኀኒት ሲሰርቅ ተይዞ ምኞቱ እንደ ቀረ ተነገራቸው። በላቀው ወጣት ውድቀት የተሰማው ደስታ በለጠ፤ ይህንንም ብልጫ ያመጣው ቅንዓት ሆኖ ተገኘ።

በአድሌድ ከተማ በፍሊንደርስ ዩኒቨርሲቲ ይሠራ የነበረው ኖርማን ፌዘር ይህን አልተቀበለም። አውስትራሊያውያን ከሌሎች በላይ ያደገችው አበባ ትቈረጣለች የሚሉት አባባል አላቸውና፣ ፌዘር ከ1989 ጀምሮ ታላላቆች ሲወድቁ ሕዝብ ለምን እንደሚደሰት ሲመረምር ቈይቶ፣ ወሳኙ ነገር መላቃቸው ሳይሆን ልቀታቸው የተገባ አለመሆኑ ነው ወደሚል መደምደሚያ ደረሰ። በ2002 ከሸርማን ጋራ ባወጣው ጥናት ደስታውን የተነበየው ስለ ፍትሕ መጓደል የሚሰማው ቅሬታ እንጂ ቅንዓት አልነበረም። በስሚዝ ሙከራም ላይ የሚነሣው ጥያቄ ግልጥ ነው፤ ወጣቱ ሌባ ነበርና ተማሪዎቹ የተደሰቱት በላቀው መውደቅ ነው ወይስ በሌባው መያዝ?

የሆላንድ ተመራማሪዎች እነ ቪልኮ ፋን ዳይክ በመካከል ገብተው ሁለቱንም ወገኖች በየቦታቸው አስቀመጧቸው። በ2005 ሰውዬው ለውድቀቱ ራሱ ተጠያቂ ሲሆን ውድቀቱ የተገባው መስሎ እንደሚታይ፣ ይህም ደስታውን እንደሚያበዛው አሳዩ፤ በ2006 ደግሞ ቅንዓት ደስታውን የሚጨምረው ተመልካቹና የወደቀው ሰው በጾታ አንድ ሲሆኑ፣ ማለት ራስን ከሌላው ጋራ ማስተያየት ሲቀል መሆኑን አመለከቱ። ኒልስ ፋን ደ ፈንና ጓደኞቹ በ2015 ያወጡት ጥናት፣ የላቀውን ለመድረስ የሚያተጋው ቅንዓት በዚህ ነገር ድርሻ እንደሌለው፣ የላቀውን ለማውረድ የሚመኘው ምቀኝነት ግን ቀጥተኛ መንገድ መሆኑን ለይቷል።

ማስረጃውን በብዛቱ ብንመዝን ሚዛኑ ወደ ፌዘር ያደላል። የእኔ ጥርጣሬ ግን በጊዜ ቅደም ተከተል ላይ ነው። ብዙውን ጊዜ ተመልካቹ «ይገባዋል ወይስ አይገባውም» ተብሎ የሚጠየቀው ውድቀቱን ከሰማ በኋላ ነውና፣ ደስታው ከፍርዱ ተወለደ ወይስ ፍርዱ ደስታውን ለመሸፈን ተጠራ የሚለውን ቍጥሩ ሊነግረን አይችልም። ምቀኛ በልቡ ያለውን ምቀኝነት ብሎ አይጽፈውም፤ ቅሬታ ብሎ ይጽፈዋል። ይህን ጥርጣሬ ከባድ የሚያደርገው ደግሞ ከሌላ ወገን የመጣ ማስረጃ ነው።

የሌርነር ነገር

በዚያው በኬንታኪ ዩኒቨርሲቲ፣ ከስሚዝ ጥናት 30 ዓመት ቀድሞ፣ በ1966 ሜልቪን ሌርነርና ካሮሊን ሲመንስ ሴት ተማሪዎችን ሰብስበው፣ አንዲት ልጅ በትምህርት ሙከራ ላይ ስትሳሳት በኤሌክትሪክ ንዝረት ስትቀጣ የምትታይበትን ትዕይንት አሳዩአቸው። ንዝረቱ እውነተኛ አልነበረም፤ ተመልካቾቹ ግን አላወቁም። ልጅቱን ከቅጣት ወደ ሽልማት ማዛወር ትችላላችሁ የተባሉት ሁሉ ማለት ይቻላል አዛወሯት፤ ስለ እርስዋም የሰጡት አስተያየት ደኅና ነበር። ቅጣቱ ይቀጥላል የተባሉት ግን ጠባይዋን ዝቅ አድርገው ገመቱ። ከሁሉ አብልጠው ያቃለሏት ደግሞ ለተመልካቾቹ ጥቅም ስትል በፈቃዷ መከራውን የተቀበለች በመሰለች ጊዜ ነበር።

ሌርነር ከዚህ ያወጣው ትምህርት፣ በ1980 በመጽሐፍ ያሰፋፋው፣ ሰው ዓለም ለእያንዳንዱ የሚገባውን የምትሰጥ መሆኗን ለማመን ይገደዳል የሚል ነው፤ አለዚያ ለነገ መድከም ትርጕም ያጣል። ስለዚህ ንጹሕ ሰው ሲሠቃይ ሲያይ፣ ሊረዳው ከቻለ ይረዳዋል፤ ካልቻለ ግን እምነቱን ከሚተው ንጹሑን በደለኛ ማድረግ ይቀለዋል። ዚክ ሩቢንና አን ፔፕሎ በ1971 አሜሪካ ወጣቶችን በዕጣ ለውትድርና በምትመርጥበት ጊዜ፣ ዕጣው በሬዲዮ ሲነገር የሚያዳምጡትን ወጣቶች ራሳቸውን መርምረው፣ በዓለም ፍትሕ አጥብቀው የሚያምኑት ክፉ ዕጣ በደረሰባቸው ጓደኞቻቸው ላይ ከማዘን ይልቅ ወደ መጥላት ያዘነብሉ እንደ ነበር አገኙ። ዕጣ ነውና ማንም ማንንም አልበደለም፤ ነገር ግን የተሸናፊው ዕድል እንኳ ነውር ሆኖበታል።

ትምህርቱ ያለ ተቃውሞ አልቀረም። በ1974 ኣደርማን፣ ብሬምና ካትስ ተመልካቹ ራሱን በተሠቃዩዋ ቦታ እንዲያስብ ሲታዘዝ ማቃለሉ እንደሚቀር አሳዩ። ክላውዲያ ዳልበርት፣ ዓለም ለእኔ ፍትሐዊት ናት ማለትና ዓለም ለሁሉ ፍትሐዊት ናት ማለት ሁለት ልዩ እምነቶች መሆናቸውን አስተዋለች፤ ፊተኛው ልብን ያረጋጋል፣ በሌላው ላይ ጭከናን የሚያስከትለው ይልቁንም ሁለተኛው ነው። ዩርገን ማስ ደግሞ ፍርድ በመከራው ውስጥ ወዲያው ይገለጣል የሚለውን እምነት ፍርድ በፍጻሜ ይመጣል ከሚለው ለየው። ፒያዤ በ1932 የፊተኛውን ዓይነት በሕፃናት ዘንድ አይቶት ነበር፤ ሰርቆ ሲሸሽ ድልድይ ተሰብሮበት የወደቀው ልጅ ባይሰርቅ ኖሮ አይወድቅም ነበር የሚሉት ከ6 ዓመት ልጆች 86 ከመቶ ሲሆኑ፣ በ11 እና በ12 ዓመት ወደ 34 ከመቶ ይወርዳሉ። በፍጻሜ የሚመጣውን ፍርድ የሚያምን ግን የተሠቃየውን ሰው በደለኛ ለማድረግ አይቸኵልም። በዘርአ ያዕቆብ ስም የሚጠራው «ሐተታ»፣ ጸሐፊው ማን ነው የሚለው ክርክር ገና ያልተቋጨ ቢሆንም፣ በዚህ ዓለም ፍርድ ጎድሎ ስለሚታይ ከሞት በኋላ ሌላ ሕይወት መኖር አለበት ብሎ ሲሟገት የሚቆመው በዚህ ወገን ነው፤ የኢዮብ ወዳጆች ደግሞ በዚያኛው።

የሌርነር ተመልካች ከደስተኛው ተመልካች የሚለየው በመነሻው ነው። እርሱ የሚጀምረው ከሕመም ነው፤ ማየት የማይችለውን ከማየት ለማረፍ ሲል ይፈርዳል። ደስተኛው የሚጀምረው ከጣዕም ነው፤ ጣዕሙን ያለ ወቀሳ ለመያዝ ሲል ይፈርዳል። ሁለቱም የሚደርሱበት ፍርድ ግን አንድ ነው። እንግዲህ ሰው ሊያዝንላት የሚገባትን ንጹሕ ልጅ እንኳ «ይገባታል» ለማለት ይህን ያህል የሚፈጥን ከሆነ፣ በሚመቀኘው ሰው ላይ የሚሰጠውን የዚህኑ ዓይነት ፍርድ የደስታው ምንጭ አድርጎ መቀበል የቸኰለ ይመስለኛል።

ወገንና ባለጋራ

ከአንድ ሰው ወደ ወገን ስንሸጋገር የፍትሕ ሰበብ ይሳሳል። በ1998 የዓለም ዋንጫ ጀርመን በክሮኤሽያ 3 ለ 0 ስትሸነፍ የሆላንድ ተማሪዎች የተሰማቸውን እነ ኮሊን ሊች መርምረው በ2003 እንዳሳተሙት፣ በእግር ኳስ ያላቸው ስሜትና የገዛ አገራቸው ዝቅተኛነት ሥጋት ደስታውን ያንቀሳቅሱ ነበር። ክሮኤሽያ ለሆላንድ አልተበቀለችላትም፤ ጀርመንም በዚያ ቀን ሆላንድን አልበደለችም። ሚና ቺካራ፣ ማቲው ቦትቪኒክና ሱዛን ፊስክ በ2011 የቦስተንና የኒውዮርክ የቤዝቦል ቡድኖች ደጋፊዎችን ሲመረምሩ፣ ባለጋራው በሦስተኛ ቡድን ሲሸነፍ እንኳ ደስታ እንደሚሰማ፣ በአንጎል የእርካታ ክፍል የሚታየው ምልክት የበረታባቸው ሰዎችም የባለጋራውን ደጋፊ ለመጉዳት እንደሚያዘነብሉ መናገራቸውን ዘግበዋል። እጅን አጣጥፎ ማየት የሚለው ድንበር በዚህ መነቃነቅ ይጀምራል።

የአንጎልና የሕፃናት ምስክርነት

ታንያ ሲንገርና ባልደረቦቿ በ2006፣ 16 ወንዶችና 16 ሴቶች በገንዘብ ጨዋታ ሐቀኛና ከዳተኛ ተጫዋቾችን ከለዩ በኋላ እነዚያ ተጫዋቾች በሕመም ሲነኩ እንዲያዩ አደረጉ። በወንዶቹ ዘንድ ለከዳተኛው የሚሰማው የሐዘኔታ ምልክት ጠፍቶ በምትኩ የእርካታ ምልክት ታየ፤ በሴቶቹ ይህ አልታየም፤ ተመራማሪዎቹ ራሳቸው ግን ቅጣቱ ሥጋዊ ሕመም መሆኑ ልዩነቱን አምጥቶት ሊሆን እንደሚችል አስጠንቅቀዋል። በ2009 በጃፓን እነ ታካሃሺ በ19 ሰዎች ላይ ባደረጉት ምርመራ ደግሞ የቅንዓት ምልክት የበረታበት ሰው፣ የቀናበት ሰው ሲወድቅ የእርካታው ምልክትም እንደሚበረታበት ታየ። አንዱ ጥናት ለፍትሕ፣ ሌላው ለቅንዓት ይመሰክራል፤ በሁለቱም የሚበራው ግን ያው የእርካታ ክፍል ነው። ይህ ክፍል በገንዘብም በምግብም ይበራልና፣ ከመብራቱ ተነሥቶ የደስታውን ዓይነት መናገር አይቻልም።

ከሕፃናት የመጣው ማስረጃ ይሻላል። በእስራኤል እነ ሲሞን ሻማይ ጾሪ በ2014 ባወጡት ጥናት፣ እናት ሌላ ልጅ አቅፋ መጽሐፍ ስታነብ ውኃ በመጽሐፉ ላይ ሲፈስስ የገዛ ልጅዋ ደስታ አሳየ፤ ተመራማሪዎቹም ይህን ያልተስተካከለ ድርሻ ከመጥላት የመጣ ነው ብለውታል። ነገር ግን እናቱ ከሌላው ልጅ ስለ ተለቀቀችለት የተሰማው እፎይታ ሊሆን ይችላል፤ የሉክሬቲዩስ ልዩነት እዚህ ላይ ይመለሳል። በላይፕሲግ በ2018 የታተመው ጥናት ይህን ጉድለት በከፊል ያሟላዋል፤ የ6 ዓመት ልጆች ክፉ የሠራው አሻንጉሊት ሲመታ ለማየት የራሳቸውን ሀብት ሲከፍሉ፣ ቺምፓንዚዎችም ምግብ የሚከለክላቸው ሰው ሲቀጣ ለማየት ከባድ በር ገፍተው ከፍተዋል። እፎይታ ብቻ ቢሆን ኖሮ ለማየት ዋጋ መክፈል ምን ያደርጋል?

ዛሬ የቆመው ክርክር

በኤመሪ ዩኒቨርሲቲ ሼንሼንግ ዋንግ፣ ስኮት ሊሊየንፌልድና ፊሊፕ ሮሻ በ2019 ክርክሩን ለማስታረቅ ሲሉ ደስታውን በሦስት ከፈሉት፤ ከወገን ጥላቻ የሚመጣ፣ ከግል ፉክክር የሚመጣና ከፍትሕ የሚመጣ። ሦስቱንም የሚያስተሳስራቸው አንድ ሥር አለ፣ እርሱም የወደቀውን ሰው ለጊዜው ከሰውነት ማዕርግ ዝቅ አድርጎ ማየት ነው ብለዋል። ክፍፍሉ ጠቃሚ ነው፤ ፌዘርና ስሚዝ ስለ ሁለት ልዩ ነገሮች ሲከራከሩ ኖረው ሊሆን እንደሚችል ያሳያልና። ነገር ግን በ2009 እነ ኮምብስ ስለ አሜሪካ ፖለቲካ ያወጡትን ጥናት የት እንደሚያኖረው አይታየኝም። በዚያ ጥናት ወገንተኝነቱ የበረታ ሰው፣ ሕዝብን ሁሉ የሚጎዳ ወሬ፣ እንደ ኢኮኖሚ መድከም ያለውን እንኳ፣ ለባለጋራው ፓርቲ ኪሳራ የሚሆን ከሆነ ከሐዘን ጋራ የተቀላቀለ ደስታ ሲሰማው ተገኝቷል። ሥራውን ያጣው ሠራተኛ ማንንም አልበደለም፤ ደስታው ያነጣጠረው በእርሱ ላይ አይደለም፣ ያለ እርሱ ጉዳት ግን ደስታው አይኖርም። ደስተኛው ቢጠየቅም መልስ አያጣም፤ ችግሩን ያመጣው የእነዚያ አገዛዝ ነው ይላል፣ እንዲህም ሲል ፍትሕ በጓሮ በር ይገባል። መከራውን የተሸከመውና ደስታው ያነጣጠረበት ሁለት የተለያዩ ሰዎች በሆኑበት በዚህ ጊዜ፣ «የእጁን አገኘ» የሚለው ፍርድ በማን ላይ እንደ ወደቀ ከሦስቱ ክፍሎች አንዱም አይናገርም።